መግባባት የማይችሉ ከጥናቱ ውጪ ናቸው

ጎንደር ውስጥ ነርስ የሆነ ሰው አንድ የጎን ሥራ አያጣም፤ ዳታ መሰብሰብ። የማስተርስ ተማሪዎች ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) የሚሠሩበት ወቅት ሲደርስ ስልክ ይደወላል። «ትንሽ ሥራ ነበረች፣ ትመችሽ ይሆን?» ይባላል። ታብሌት ይሰጡናል፣ አጠር ያለ ሥልጠና እንወስዳለን፣ ከዚያ የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል በር ላይ ወንበር ይዞ ቁጭ ነው። እኔም ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። የልጆቼን ደብተርና ዩኒፎርም ችሎልኛል፤ ውለታ ቢስ መሆን አልፈልግም።

በተለይ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ሥራ ሲመጣ እምቢ አልልም። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። ግን በእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ውስጥ የምትመላለስ አንዲት መስመር አለች፤ «በከባድ ሕመም ላይ ያሉና መግባባት የማይችሉ ታካሚዎች ከጥናቱ ውጪ ይሆናሉ» የምትል። ፕሮፖዛሉን (የጥናቱን ዕቅድ) ማንም ይጻፈው፣ ርዕሱ ድብርት ይሁን ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ መስመሯ አትቀርም። ካንዱ ቴሲስ ወደ ሌላው ስትገለበጥ የኖረች ትመስለኛለች።

ምክንያቷ ይገባኛል። ፈቃዱን መስጠት የማይችልን ሰው ይዞ መጠየቅ ነውር ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴም በዚህ አይደራደርም፤ ደግ ያደርጋል። ጭንቅ ላይ ባለ ሰው ፊት ታብሌት ዘርግቶ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ» እያሉ መጀመር ጭካኔ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከመስመሯ ወዲያ ያለው ነው። እነዚህ ሰዎች አንዴ ከወጡ በኋላ የት ደረሱ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም።

በር ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። መስማት የተሳነው ወጣት ከእህቱ ጋር ይመጣል። የምልክት ቋንቋ የሚችል ባለሙያ የለም። እህቱ ቤት ውስጥ በለመዱት ምልክት ታስተረጉማለች። ልጁ «መግባባት አይችልም» ተብሎ ይዘለላል። ከእህቱ ጋር እኮ ሲሳሳቅ ነበር የመጣው! ደግሞ ዳባት አጠገብ ካለው ከአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ የመጣች ኤርትራዊት ትኖራለች። ትግርኛ ተናጋሪ ናት፣ መጠይቁ አማርኛ ነው፤ እሷም ትዘለላለች። መድኃኒቱ አስተኝቷት ቃል ለማውጣት የምትዘገይ ሴት ትመጣለች። ወረፋው ረጅም ነው፣ የቀኑን ኮታ መሙላት አለብኝ፣ እሷም ትዘለላለች። ሦስቱም ታብሌቱ ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ማታ ዳታው ሲላክ በመካከላቸው ምንም ልዩነት የለም።

ከሁሉ የሚበዙት ግን ጭራሹን በሩ ላይ ያልደረሱት ናቸው። ታማሚው ቤት ይቀራል፤ እናት ወይም ወንድም ካርዱን ይዞ መድኃኒት ሊወስድ ይመጣል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ከደምቢያ በኩል ሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት። ልጃቸው መኪና ላይ ሲሳፈር ይረበሻል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ረዳቱ ወይ የሁለት ሰው ሂሳብ ይጠይቃል ወይ ጭራሹን አይጭንም። ስለዚህ ብቻቸውን ይመላለሳሉ። «እማማ፣ እኔ መጠየቅ የምችለው ታማሚውን ብቻ ነው» አልኳቸው። «እሱን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? እኔን ጠይቂኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ።

ታብሌቱን አስቀምጬ እንዲሁ ወሬ ጀመርን። እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ነገሩኝ። ሌሊት አሁን ይተኛል፣ እሱን እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚያፍሩበት ነገር፣ መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ አልጠግብ እንዳለ ነገሩኝ። «ጎተራውን ጨረሰው። ሰኔ ላይ ከየት አመጣለሁ? አንዳንዴ ክኒኑን እደብቅበታለሁ፤ ምን ላድርግ?» አሉ።

እኛ ታብሌቱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳሉ?» የሚል ጥያቄ አለን። አይወስድም ከተባለ ምክንያቱ «የግንዛቤ እጥረት» ይሆናል። እህል አለቀ የሚል ምርጫ የለም። ቡታጅራ አካባቢ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን ታማሚዎችን፣ ቤተሰቦችንና የጤና ባለሙያዎችን ቁጭ ብለው ሲያነጋግሩ ይህንኑ ሰምተዋል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት የሚያቋርጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን ረሃብ የሚያስታግስ ምግብ ማጣታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ምግብ ሞልቶ ከተረፈበት አገር በመጣ መጠይቅ ውስጥ ይህን ማን ያስገባዋል? እዚያ ያለው ሐኪም በዚሁ መድኃኒት የሚፈራው ውፍረትን ነው።

ነገሩ የሚሽከረከረው እንዲህ ነው። ሆስፒታል የደረሰው ይቆጠራል። ቁጥሩ ጽሑፍ ይሆናል፤ ጽሑፉ ዕቅድ ይሆናል፤ በዕቅዱ ባለሙያም መድኃኒትም ሰው ወደተቆጠረበት ይመደባል። ያልደረሰው ሰው አልተቆጠረምና ምንም አይመደብለትም። ስላልተመደበለት በሚቀጥለው ዓመትም አይደርስም። ያኔ ሌላ ተማሪ ይመጣል፤ እኔም ያንኑ በር ላይ ያንኑ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ወርክሾፕ ላይ ይህቺን ተረት የሚጠቅስ አይጠፋም። ሕዝቡ ይደብቃል፣ ሕዝቡ ያፍራል፣ ስለዚህ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል ተብሎ ሻይ ይወጣል። ማፈር የለም አልልም፤ አለ። ግን ሰፈር ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ማን ቤት ሰው በሰንሰለት እንደታሰረ፣ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። የዕድሩ ዳኛ ያውቃል፣ የንስሐ አባት ያውቃሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታውቃለች፣ ጠላ የምትሸጠዋ ታውቃለች። ጠያቂ ከመጣ ይናገራሉ።

ይህን ከራሴ አይደለም የማወራው፤ በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቡታጅራ ላይ የተጀመረ ጥናት ነበር። ሆስፒታል በር ላይ አልቆመም። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየሄደ ጠየቀ። ከመጠይቁ ጎን ለጎን ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀ፤ «እዚህ አካባቢ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?» እያለ። ከመጠይቁ ያመለጡትን ብዙ ሰዎች ያገኙት እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው። ስኪዞፍሬንያ አለባቸው ከተባሉት መካከል በሕይወታቸው የሕመሙን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። እነዚያን ሰዎች የትኛው ሆስፒታል በር ላይ ቁጭ ብለን እናገኛቸው ነበር?

በዚያው ጥናት ሁሌ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ከአምስቱ አራቱ ያህል ወንዶች ነበሩ። ሌላው ዓለም ላይ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል አይሰፋም። ሴቶቹ የት ሄዱ? ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ ነርስ ነኝ፣ የመጨረሻ መልስ የለኝም፤ ጥርጣሬ ግን አለኝ። ወንድ ሲታመም ገበያ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ያነሣል፤ ሰው ያየዋል። ሴት ስትታመም ጓዳ ትገባለች። ባሏ ወደ አባቷ ቤት ይመልሳታል፣ እዚያም ሌላ ጓዳ ይቆያታል። ወይም ከቤት ወጥታ መንገድ ላይ የማይነገር ነገር ይደርስባታል። ቤት ለቤት የሄደ ሰው እንኳ ጓዳ ድረስ ካልዘለቀ አያያትም።

ስለ መንገድ ካነሣሁ አይቀር፣ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከተጠኑት ከአሥሩ ወደ አራቱ ከባድ የአእምሮ ሕመም የገጠማቸው ነበሩ። ጎንደር ውስጥ ፒያሳን ወይም አውቶ ፓርኮን በማለዳ ያቋረጠ ሰው አይገርመውም።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቂያለሽ የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የቡታጅራዎቹን ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተሉት ተመራማሪዎች ያገኙትን ልንገራቸው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ወደ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። ከሞት ምክንያቶቹ ትልቁን ድርሻ የያዙት ደግሞ ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ ጤና ጣቢያ ሊያክመው የሚችል ነገር ማለት ነው። ግን «እብድ ነው» የተባለ ሰው ሲያተኩሰው ማን ይዞት ይሄዳል? ቢሄድስ ማን ነክቶ ያየዋል? ሲያስል ሳንባውን ያዳመጠው ማን ነው? እኔ ራሴ በሠራሁባቸው ክፍሎች፣ የትኛው እንደሆነ ይቅርና፣ ታማሚው የሳይካትሪ ካርድ እንዳለው ሲታወቅ ሆድ ቁርጠቱ ሁሉ «የጭንቅላቱ ነው» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

በሌላ በኩል መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ብዙ ሰው ሳይካትሪስት ከሌለ የአእምሮ ሕክምና የለም ብሎ ያምናል። አገሪቱ ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ ውጭ አገር ነበር የሚማሩት። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሠለጥናል፤ ቢሆንም አርማጭሆ ድረስ ሳይካትሪስት ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ቅዠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ፣ እዚሁ አገራችን የተሠራ ጥናት ግን ጥሩ ዜና ይዟል። ጤና ጣቢያ ላይ ያሉ፣ በአእምሮ ሕመም ላይ አጭር ሥልጠና የወሰዱ መደበኛ ባለሙያዎች የሚሰጡት ክትትል የሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጉራጌ ውስጥ ባለው ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ የጤና ትምህርት የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ሲያግዙ ጤና ጣቢያ ብቻ ከሚታከሙት የተሻለ ለውጥ ታይቷል።

ወረቀት ላይ ያለው እኛ ዘንድም አለ። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ይሠለጥናል። ከዚያ የሠለጠነው ዝውውር ያገኛል፣ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ታማሚው «ጎንደር ሂድ» ይባላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገዱም አንዳንዴ አያስኬድም። መንገድ ተዘግቶ ወርኃዊ መርፌው ያለፈበት ሰው እንዴት ሆኖ ተመልሶ እንደሚመጣ ያየ ያውቀዋል። ደባርቅና ዳባት ያሉ ተፈናቃዮችን ልጨምር ብል ይህ ጽሑፍ አያልቅም።

አሁን ጠበል ላይ ልምጣ፤ አርባ አራቱ ታቦት ካለበት ከተማ ሆኜ ጠበልን ብዘለው ይታዘቡኛል። በአብዛኛው ቴሲስ ውስጥ ጠበል የሚገባው ለሕክምና የመዘግየት ምክንያት ሆኖ ነው። «ቀድሞ ጠበል የሄደ» የሚል ሳጥን አለን። ሳጥኑን ስሞላ ይጎረብጠኛል። እኔ ራሴ ጠበል እጠመቃለሁ። ለብዙ ቤተሰብ ጠበል ታማሚውን በስሙ የሚጠሩበት፣ ከሰው ጋር የሚበላበት፣ «ይድናል» የሚባልበት ብቸኛው ቦታ ነው። እኛ ጋ ወረፋ፣ መስኮትና ቀጠሮ ነው ያለው። አንዳንድ ጠበል ቦታ ላይ መታሰርና መገረፍ እንዳለም አውቃለሁ፤ ያንን ለመሸፋፈን አይደለም።

እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ አጥማቂዎችና የሳይካትሪ ባለሙያዎች አብረው መሥራት ጀምረው ውጤቱ ተጽፏል፤ ታማሚው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም ይወስዳል። ከጋና የመጣው ጥናት ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ የጸሎት ማእከል ውስጥ ለታሰሩ ሰዎች የሳይካትሪ መድኃኒት ተሰጠ። የሕመማቸው ምልክት ቀነሰ። በሰንሰለት የታሰሩባቸው ቀናት ግን አልቀነሱም። ክኒኑ ሥራውን ሠራ፤ ሰንሰለቱን የሚፈታው ግን ያሰረው ሰው ነው፣ እሱም ቢሆን ሰው ካነጋገረው። ስለዚህ አጥማቂውን መጠይቅ ላይ እንደ ችግር ከመመዝገብ ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ጠርቶ ማማከር ይሻላል። እንዲያ ሲደረግ እስካሁን አልገጠመኝም።

የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ለጎንደር አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሣው ወባ ሺዎችን ጨረሰ። በዓመቱ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ያኔ የሚያሠለጥነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያን ነበር፤ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወጡ። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ መማሪያቸው ነበር። ዛሬም ተማሪዎች ለቡድን ሥልጠና ወደ ወረዳ ይወጣሉ። ዳባት ላይ ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ቤት ለቤት ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የጥናት ማእከል አለው። መሄጃው አለ፣ ልምዱ አለ፣ በሩን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እኔ የአእምሮ ሕመም ዳታ ስሰበስብ ግን የተላክሁት ሁልጊዜ ወደ ሆስፒታል በር ነው። ለምን ቢሉ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ተማሪውም የሚመረቅበት ቀን አለው፤ አልፈርድበትም።

ትልልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ምን ይጠና የሚለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ይወሰናል። ዓለም ላይ ከዘረመል (ጂን) ጥናቶች ተሳታፊዎች አብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ሰው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ዩጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ያካተተ ትልቅ የአእምሮ ሕመም የዘረመል ጥናት ተጀምሯል፤ ይሁን፣ ጥሩ ነው። ግን ምራቃቸውን ለምርመራ የሰጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን ያገኛሉ የሚለውን ከአሁኑ መጠየቅ መብታችን ነው።

ምክንያቱም ውጤት ሲመለስ አላየሁም። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠይቅ አንድም ሰው ጋ ተመልሼ «ያን ጊዜ የነገሩን ነገር እንዲህ ሆነ» ብዬ አላውቅም። እንድሄድ የሚያስችል በጀት የለም። ሰዎቹ ግን ይጠይቃሉ። «ባለፈው የጻፍሽው ምን ሆነ?» ያለኝ አባት አለ። ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ ወጥቷል ልበላቸው?

ዘንድሮ አንድ የማውቀው ተማሪ ፕሮፖዛል ሲጽፍ አነጋገረኝ። ብዙ አወራን። የታከሙና የዳኑ ሰዎችን ሰብስቦ ጥያቄዎቹን አብረውት እንዲያዩለት አደረገ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች ስድብ ይመስላሉ ብለው አስጣሉት። ለብቻቸው መድኃኒት ሊወስዱ የሚመጡ ቤተሰቦችን በጥናቱ አካተተ። ከእነሱ መካከል ፈቃደኛ የሆኑትን ቤታቸው ሄዶ ለማየት ጻፈ፤ ሴት ታማሚ ካለች ሴት ጠያቂ እንድትሄድ። መጨረሻ ላይ ውጤቱን በአማርኛ በአንድ ገጽ አሳጥሮ ዕድር ላይ ለማንበብ በጀት ያዘ።

አማካሪው የመጀመሪያዎቹን በትንሽ ማስተካከያ ተቀበሉት። የመጨረሻውን ሰረዙት። «ለሕትመት አይጠቅምም» አሉት።

በጀቱን አይቼዋለሁ። የመኪና ሂሳብና የፎቶ ኮፒ ነው። ዕድሩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስለሚሰበሰብ አዳራሽ መከራየት እንኳ አያስፈልግም። መልሰህ አስገባው ብዬዋለሁ። ከሰረዙት ደግሞ ገጿን እኔ ፎቶ ኮፒ አደርጋታለሁ፤ የደምቢያዋ እናት የሚቀጥለው ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ ካርድ ክፍል ጠይቄያለሁ።